ያልጠረግሁት ምርቃት

ዕቃው ከሚሴ ከተማ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሚኒባስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በልጄ የእጅ ጽሑፍ «ይሰበራል» ተብሎ ተጽፎበት። ጭንቀቱ የያዘኝ ገና ያንን ሳነብ ነው። አይሰበርም ተብሎ የተገዛ ዕቃ እኔ እጅ ገብቶ ሲሰበር አይቻለሁ፤ ይሰበራል የተባለውማ እንዴት ሊሆን ነው?

ሥራዬ አቤቱታ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዷ ውስጥ ተቀምጬ፣ ባለጉዳይ የሚነግረኝን እየሰማሁ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ድሮ እዚያው ለሚጽፉት ሰዎች ሻይ ሳመላልስ፣ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ቆሜ ጣታቸውን አይ ነበር። አማርኛውን እንደዚያ ለመድኩ። የእኛ ዞን ፍርድ ቤት የሚሠራው በኦሮምኛ ነውና ቁቤውን፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲኑን ፊደል ደግሞ፣ ከልጄ ደብተር ላይ ለቃቀምኩት። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔም ገባሁ ማለት ይቻላል፤ ልዩነታችን ዓመቱ ሲያልቅ እሷ ካርድ መቀበሏ ብቻ ነው።

አሮጌው ኪቦርዴ ላይ ያሉት ፊደሎች ሁሉ ተፍቀው አልቀው ነበር። ለኔ ግን ጉዳዬ አልነበረም፤ ስጽፍ ቁልፍ አላይም። የማየው የባለጉዳዩን ፊት ነው። ሰው በደሉን እየተናገረ ሳለ ዓይንሽን ካነሳሽበት ነገሩን ያሳጥረዋል፤ ያሳጠረው ነገር ደግሞ ዳኛው ፊት ሲደርስ እንዳልነበረ ነው። እንዲህ እያልኩ ስንቱን ዓመት የሠራሁበት ኪቦርድ በዚያ ሳምንት እምቢ አለ። መታሁት፣ ነፋሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እምቢ አለ። ኮምፒውተር የሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ ለምትሠራው ልጄ አዲስ አበባ ደወልኩ።

«እማ፣ አንድ ጌም ተጫዋች ሸጦልን የሄደ ሸጋ ኪቦርድ አለ። እሱን ልላክልሽ።»

«የምን ጌም?»

«ያው ወጣቶቹ ስክሪን ላይ የሚታኮሱበት።»

«እኔ አቤቱታ ነው የምጽፈው፤ ማን ላይ ልተኩስ?»

«እማ ደግሞ! የተኳሹም የጸሐፊዋም ጣት አንድ ነው። በዚያ ላይ ተገጣጣሚ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ቢበላሽ ነቅለሽ ሌላ ትተኪበታለሽ።»

«ነቅለሽ» አለችኝ እኮ! እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም።

ከከረጢቱ ሳወጣው መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቱ ነው። የድሮው በአንድ እጅ ተነስቶ አቧራው የሚራገፍለት ነበር፤ ይኼኛው እንደ ወፍጮ መጅ ይጎትታል። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነው የመጣው፤ ፊደሎቹ ያሉበት ትልቁ አካል ለብቻ፣ ቁጥሮቹ ያሉበት ትንሹ ለብቻ። ትንሹን ወደ ትልቁ ሳስጠጋው ሳልገፋው ራሱ ዘሎ ተጣበቀ። ማግኔት አለው። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። በቀኝ አስጠጋሁት፣ ተጣበቀ፤ በግራም አስጠጋሁት፣ ተጣበቀ። የትም እሺ የሚል ዕቃ አላምንም። ከጥጉ ላይ እንደ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ክብ ነገር አለው። ከሥሩ የእጅ አንጓ የሚያርፍበት ትራስ አለው። ለእጄ ትራስ ይመጣልኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። ከዚህ ሁሉ ጋር እንደ ወረንጦ ያለች የሽቦ መንቀያ ተጨምራለች።

ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ሱቋ ሠርግ ቤት መሰለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ መብራት ከቁልፎቹ ሥር እንደ ውኃ ይፈስሳል። ድምፁስ! አንዲቱን ስነካት ቀጭ! አለች። ሌላዋን ነካሁ፤ ቀጭ! በር ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብሎ አየኝ። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ሰው ዘወር የሚልበት ጊዜ ላይ ነን፤ አልፈረድኩበትም። እኔ ግን በልቤ፣ ሰው እንዴት አድርጎ ፊት ለፊቱ ይኼ እየፈነዳ በደሉን ይነግረኛል? አልኩ።

ይህን ያህል ያስጨነቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ቀን ጠዋት ከጨፋ አንዲት ሴት መጥታ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን፣ እሷና ሁለት ሴት ልጆቿ ማሽላ የሚዘሩበትን ማሳ የባሏ ወንድሞች የእኛ ነው ብለው ከሰዋት፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ለነሱ ፈርዶላቸዋል። ይግባኙ ለዞኑ የሚገባበት የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው። የውሳኔው ግልባጭ ደግሞ ሰኞ ነው የሚደርስልሽ ተብላለች። ያን ጊዜ ኪቦርዴ ሞቷል፤ አዲሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ሌላ ጸሐፊ ጋ ሂጂ ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። «አብሽሪ፣ ሰኞ ግልባጩን ይዘሽ ነይ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። ኩራት ነው። ከኔ የተሻለ የሚሰማት የለም ብዬ ነው። ቀኑ ካለፈ ማሳው አለፈ፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ ሰፈር ባጃጅ የገዛም፣ ላም የገዛም፣ ወፍጮ ያስተከለም መጀመሪያ እሳቸው ጋ ወስዶ ዱዓ ያስደርጋል። እኔም ብሆን ያለ ዱዓ የሰኞን ሥራ በዚያ በሚፈነዳ ዕቃ ልጀምር አልደፈርኩም። ቤቱ ውስጥ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው፣ ስኳር በሰሃን ተቀምጦላቸው ጨዋታ ይዘዋል። ፎጣውን ፈታሁ።

«ኢንተለ ኮ» አሉ አጎቴ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲደሰቱም ሲቆጡም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። «ይኼ የሚጻፍበት ነው የሚዘፈንበት?»

«የሚጻፍበት ነው፣ አባ። ልጅቷ ናት የላከችልኝ።»

«ከበደኝ እኮ! ይኼ ላይ የተጻፈን ዳኛ እንዴት ብሎ ያነሳዋል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴ ግን ዕቃ ዝም ብለው አይመርቁም፤ ማወቅ ይፈልጋሉ። ላምም ብትሆን ጥርሷን አይተው ነው የሚመርቁት። «ውስጡስ?» አሉ። ሽቦዋን አወጣሁና ልጄ በስልክ እንዳሳየችኝ የ«ኤ» ፊደልን ቁልፍ ክዳን ነቀልኩላቸው። ከሥሩ ስዊቿ፣ ያቺ የምትወጣ የምትወርደው ነገር፣ እንደ ድድ ተከፍታ ታየች።

«ለምን እሷን ነቀልሽ?»

«ብዙ የምትለፋው እሷ ናት፣ አባ። ኦሮምኛው ያለሷ አንድ ቃል አይወጣለትም። አማርኛውንም ስጽፍ ካለሷ ራብዕ የለም።»

«እንግዲያው ምርቃቱም ለምትለፋው ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን።

«አላህ እጅሽን ይባርከው!»

«አሚን!»

«ለተበደለ ይጻፍበት! የበደለ ይፈርበት!»

«አሚን!»

«ከዚህ የወጣ ወረቀት ከደጅ አይመለስ!»

«አሚን! አሚን!»

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከአፋቸው ያለውን የጫት ምራቅ፣ በስኳሩ እንደጣፈጠ፣ እዚያች የተከፈተች ቦታ ላይ ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ! አሉበት።

ቱፍታቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ግንባሬ ላይ ስንቴ አርፏል። ስታመም፣ ስዳር፣ ልጄን ስወልድ። አንድም ቀን ጠርጌው አላውቅም። ሽማግሌ መርቆ እንትፍ ያለበትን መጥረግ ምርቃቱን መመለስ ነው፤ እዚያው ይደርቃል፣ ከሰውነትሽ ጋር ይሆናል። ለሰው ሕጉ ይኼ ነው። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ሕጉ ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። አረንጓዴዋ ጠብታ በስዊቿ ጠርዝ ዞራ ወደ ውስጥ ስትሰርግ አየኋት። ፎጣው ጭኔ ላይ ነበር። እጄ አልሄደልኝም። አጎቴ ፈገግ ብለው እያዩኝ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ አባ» ብዬ ክዳኑን በላዩ ላይ ገጠምኩት።

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ኪቦርዱ ከአልጋዬ ሥር ነው። አንዴ ፎጣውን ገለጥኩት፤ ጫት ጫት ሸተተኝ። መልሼ ሸፈንኩት። ልጄ ደውላ «እንዴት ነው፣ ወደድሽው?» ስትለኝ «በጣም» አልኳት። አንዱ ልቤ ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደግሞ አያበላሽም ይለኛል። ሌላው ልቤ ስኳር ነው፣ ስኳር ይይዛል ይለኛል። የመጀመሪያውን ሰማሁ።

ሰኞ ሴትዮዋ ግልባጩን አግኝታ ሱቄ ስትገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መዝገብ ቤቱ የሚዘጋው አሥራ አንድ ላይ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። አጠገቤ ያለችው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳ ዘግታለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጋ ሰልፉ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

«በይ ንገሪኝ» አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ! እሷ ዝም አለች። ጣቴን አቆምኩ። ጀመረች፤ ቀጭ ሲል ቆመች። ዓይኗ እኔ ላይ አይደለም፣ መብራቱ ላይ ነው።

«ምን እያለ ነው እሱ?» አለችኝ።

«ያልሽውን እየጻፈ ነው።»

«እንደዚህ እየተቆጣ?»

መብራቱን እንደምንም አጠፋሁት፤ ልጄ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን አስተምራኛለች። ድምፁ እንዲታፈን ፎጣዬን አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ሴትዮዋ ሻርፗን አስተካክላ፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ «አባ መና ኮ» አለች፤ ባለቤቴ ማለቷ ነው። እኔ ፊቷን እያየሁ ጻፍኩ። ሲሞት ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ እንደነበር ነገረችኝ። ወንድሞቹ ለቅሶው ሳያልቅ ወሰን ሲለኩ እንዳየች ነገረችኝ። ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ጣቷ ብቻ የሻርፗን ጫፍ ይጠመዝዛል። ዓይኔን ሳልነቅል ግማሽ ገጽ ያህል ጻፍኩ።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁ።

አባ መና ኮ በምትለዋ ሐረግ ብቻ በቁቤው ስድስት ኤ አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲትም በቦታዋ የለችም። መጀመሪያው ላይ አንዲቱ ተይዛ ሃያ ጊዜ ተደርድራ ወጥታ፣ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ጠፍታለች። ግማሽ ገጽ ሙሉ ሥጋው የተገፈፈ አጥንት ነው። ቁልፏን ተጫንኳት። ወረደች፤ ሳትመለስ ቀረች። በጥፍሬ አነሳኋት፤ ለጠቅ ብላ ወጣች። ጫንኳት፤ ቀረች።

«ምነው?» አለችኝ።

«ምንም። ትንሽ ጠብቂኝ።»

ለልጄ ደወልኩ።

«እማ፣ ምን ፈሰሰበት?»

«ምንም አልፈሰሰበትም።»

«እማ!»

«ተመረቀ።»

«አባ ናቸው?»

«አዎ።»

«በስኳር?»

«አዎ።»

ሳቋ መጣ፤ እኔ ሳልስቅ ስቀር ተወችው። «እሺ፣ አብሽሪ እማ። የቁጥሩን ክፍል ለይተሽ ጭንሽ ላይ አድርጊው። ከሱ የማትፈልጊውን አንድ ስዊች በሽቦዋ ጎንና ጎኑን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። የተበላሸችውንም እንደዚሁ አውጫት። አዲሷን ስታስገቢ ከሥሯ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሏት፤ እንዳይታጠፉብሽ። ከታጠፉና ከተሰበሩ ግን...»

«ከተሰበሩ ምን?»

«አትስበሪያቸው።»

የቁጥሩን ክፍል ከትልቁ ነጠልኩት። የማባዣዋን ምልክት መረጥኩ፤ አቤቱታ ውስጥ የሚባዛ ነገር የለም። እሷ ቶሎ ወጣችልኝ። ወደ ኤዋ ስመጣ ግን እጄ ቆመ። ክዳኗን ሳነሳ አረንጓዴው ደርቆ፣ እንደ ሙጫ ሆኖ፣ ስዊቿን ዙሪያዋን ይዟታል። ይኼ አጎቴ የመረቁት ነው። ለተበደለ ይጻፍበት ያሉት እዚህ ላይ ነው። ነቅዬ ልጥለው? በዛሬው ቀን? በዚህች ሴት ጉዳይ ላይ? ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠግታ ቁልቁል አየች። «ጫት ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የአጎቴን፣ የቱፍታውን፣ አለመጥረጌን፣ ሁለት ቀን ሙሉ መፍራቴን። ባንቺ ጉዳይ ላይ ምርቃት መንቀል ከበደኝ፣ አልኳት።

አትስቅም አትቆጣም። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ» አለች። «እኔም ላሜን ሽማግሌ መርቆልኛል። ስትወልድ ጡቷ ላይ ቱፍ ተብሎባታል። እና ሳልባት ጡቷን ሳላጥብ ነው የማልባት?»

ሽቦዋን አነሳሁ።

«ቢስሚላህ በይና ንቀይው» አለች።

ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩ። እንቢ አለች። ደግሜ ሳብኩ፤ ከነሙጫዋ ጠሽ ብላ ወጣች። አዲሷን አስገባሁ፤ አልገጥም አለችኝ። ሳወጣት አንደኛው እግሯ ታጥፏል። እንደ መርፌ ቀጭን ነው። በሽቦዋ ጫፍ ላቃናው ስሞክር ሴትዮዋ ከእጄ ወሰደችው። መርፌ የለመደ እጅ ነው ያላት፤ በጥፍሯ መካከል ይዛ እንደ ክር ጎተተችው። ቀጥ አለ። መልሳ ሰጠችኝ። ትንፋሼን ይዤ ጫንኩ።

ቀጭ!

ያንን የጠላሁትን ድምፅ በዚያን ሰዓት እንዴት እንደወደድኩት። ነካኋት፤ አንድ ኤ። ደገምኩ፤ ሁለት። «አልሐምዱሊላህ» አልን አንድ ላይ።

«በይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ?» አለች።

«አይ፣ ያልሽው ሁሉ እኔ ጋ አለ» አልኳት። ፊቷን እያየሁ ስለጻፍኩት ነው። የወሰኑ ልኬት፣ የማሽላው ቁመት፣ የልጆቿ ዕድሜ፣ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ኤዎቹን እያስገባሁ፣ የተረፈውን እየጨመርኩ ወረድኩ። ቀጭ ቀጩ አሁን እሷንም አላስደነገጣት፤ እንዲያውም ስቆም «ምነው ዝም አለ?» ትለኝ ጀመር። አንብቤ አሰማኋት። ማንበቡ ላይ አንዲት ቦታ አስቆመችኝ፤ ወሰን የለኩት ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ነው እንጂ በአራተኛው አይደለም፣ አለች። አስተካከልኩ። መብራት እንዳይጠፋ እየለመንኩ አተምኩት። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ፈረመች። አሥር ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ስትነሳ የተነቀለችውን ስዊች ጠረጴዛው ላይ አየቻት። በቀለም በጠቆረ ጣቷ አነሳቻት።

«ይቺን አትፈልጊያትም?»

«አልፈልጋትም።»

«ዱዓው አብሮኝ ይሂድ» አለችና በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ፣ አቤቱታውን ይዛ ወደ መዝገብ ቤቱ ወጣች፤ መንገዱን ስትሻገር የሚመጣ ባጃጅ ሳታይ ነው የተሻገረችው።

እኔ በር ላይ ቆምኩ። የፍርድ ቤቱ ግቢ ዘበኛ ወንበሩን አጥፎ ወደ ውስጥ ሲያስገባ አየሁ። አንድ ሠራተኛ ቦርሳውን ይዞ ወጣ፤ ሁለተኛዋ ወጣች፤ መዝገብ ቤት የምትሠራዋ እሷ ትሁን አትሁን ከሩቅ መለየት አቃተኝ። ሐሙስ ቀን ሌላ ጋ ሂጂ ብያት ቢሆን ይኼን ጊዜ ጨፋ ቤቷ ነበረች፣ እያልኩ ራሴን በላሁት። አጎቴን አልወቀስኩም፤ ፎጣው ጭኔ ላይ ነበር፤ ያልጠረግሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ብቅ አለች። አትሮጥም። ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደ ትኩስ ዳቦ ይዛ፣ ማኅተሙ እንዳይጠፋባት ነው መሰለኝ፣ ከደረቷ አራርቃ ይዛው መጣች። የዕለቱ ቀን ተመትቶበታል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝና ሁለታችንም ማኅተሙን አየነው።

በሚቀጥለው ዓርብ አጎቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ወላሂ?» አሉ፣ ጉንጫቸውን እንደሞሉ። ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁባቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ቀጠሮዋ መቼ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን። ኪቦርዱን ግን በዚያ ቀን ይዤ አልሄድኩም።

ፍርዱ ገና ነው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ያቺ ሴት ከጨፋ ትመጣና ሱቄ ጎራ ብላ፣ ከመቀመጧ በፊት የሻርፗን ጫፍ ፈትታ ታሳየኛለች። አረንጓዴው አሁንም አለ። መልሳ ትቋጥራትና ወደ ችሎቱ ትሻገራለች፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እስክትመለስ የግቢውን መውጫ አያለሁ።